ቋሚ ቦታ

ተመራማሪዋ ሞታ የተገኘችው ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮች በሚጠኑበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጓንቷን እንዳጠለቀች ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ነው። ድንጋዮቹ እንዳይዝጉ ከኮሪደሩ ሲሊንደር የሚላከው ናይትሮጅን እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ክፍሉን ሞልቶት ነበር። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። አየር ሲያንስ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያም ገመዱ ተነቅሏል።

«ቸልተኝነት ነው፤ መዝገቡን ዝጊው» አላት መርማሪዋን አለቃዋ በስልክ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እመት ለምን» የሚሏት ያለ ነገር አልነበረም። ያን ሰሞን ግን እሷም ተማርራለች። ስለ ሟቿ ስትጠይቅ ሁሉም የሚያወራላት ስለ ሥራ ቦታ ነው። በፕላኔት ሳይንስ የተማረው ብዙ፣ ቋሚ ቦታ የሚከፈተው ግን አንዱ ጡረታ ሲወጣ ብቻ ነው። ሟቿም ከጊዜያዊ ውል ወደ ጊዜያዊ ውል ስትንከራተት፣ የመጨረሻው ዙር ላይ እየደረሰች ስትመለስ ወጣትነቷ አልቋል። ዘንድሮም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለተከፈተ አንድ ቦታ ተወዳድራ ነበር።

ባሏ ዕቃ ጠቅልሎ ከከተማ ከተማ መዞር እንዳንገፈገፈው አልደበቀም። ለዚያው ቦታ የተወዳደረችው ጓደኛዋ ደግሞ በአንድ ግድግዳ ብቻ የምትለይ ክፍል ውስጥ ነበረች።

«ማይክሮስኮፕ ላይ ነበርኩ» አለች በምሬት። «ግን መች ያሠራል? የሷ ክፍል አየር ማስወጫ ማራገቢያ ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ምስሉም አብሮ። ተናድጄ ሻይ ላፈላ ሄድኩ። ጠጥቼ ስመለስ ነው የጋሼን ጩኸት የሰማሁት።»

ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ሽማግሌው ፕሮፌሰር ናቸው። በሩን ሲከፍቱ ተደፍታ እንዳዩአት፣ ሮጠው ገብተው ቀና እንዳደረጓትና እንደጮኹ፣ ማራገቢያውን ያበሩት ከዚያ በኋላ መሆኑን ተናገሩ።

መርማሪዋ ወደዚያኛው ዩኒቨርሲቲ ስልክ ደወለች። ከዚያ ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሽ ጠራቻቸው።

«ፕሮፌሰር፣ ያ ክፍል የሚተነፈስ አየር አልነበረውም። እንዳሉት ሮጠው ቢገቡ አጠገቧ ይወድቁ ነበር። እርስዎን ግን ራስዎን እንኳ አላዞረዎትም። ማራገቢያው ቀድሞ ተነስቷል፤ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ሠርቷል። ይህን የነገረችኝ ሴት የተማረረችው በምስሏ መበላሸት እንጂ በእርስዎ አልነበረም። ማብሪያው ከበሩ ውጭ ነው፤ ያበራሁት እኔ ነኝ ብለዋል። ክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለ ያወቀ ንጹሕ ሰው ያኔውኑ ይጮኻል። እርስዎ ግን አየሩ እስኪጠራ ጠበቁ።»

«ለምን ብዬ?»

«ዩኒቨርሲቲው እንደመረጣት ቀድሞ የነገረው ለእርስዎ ነው። ለእሷ በማግሥቱ ሊደውሉላት ነበር። ከእርስዎ በቀር ማንም አያውቅም።»

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ይንቀጠቀጣል።

«በዚህ እጅ ድንጋይ መቁረጥ ካቆምኩ ቆየሁ። ስሜ የቆመው በሷ እጅ ነው። እስከ ዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ ‹ገና ናት› እያልኩ አቆየኋት። ዘንድሮ አልሰሙኝም።»

«እኔንስ?» አለች ጓደኛዋ ቀስ ብላ።

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ።

ባልየው ያን ጊዜ ቀና አለ። «ቆይ፣ አልፋ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ፣ አልፋ ነበር» አለችው መርማሪዋ።

«ጠዋት ስወጣ ‹ይብቃሽ፣ ማንም አይፈልግሽም› ነው ያልኳት።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ፖሊሶቹ ፕሮፌሰሩን ይዘው ሲወጡም አልተነሳችም።