ሰንበት የሚያከብር ሆራ

መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ጠጅቱ ሁለቱን የብረት ዘንጎች ከውሃው አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻቸውና መልሳ ነከረቻቸው። ምንም የለም። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለክታ፣ ይኸው መርፌ እስከ ሳጥኑ ቀኝ ጥግ ዘሎ ነበር። «ሰበርኩት፤ አለቀልኝ!» አለች ብቻዋን። ሳጥኑን የሳይንስ አስተማሪዋ ጋሼ ዓባይነህ ከዩኒቨርሲቲ ተውሰው ነው ያመጡት። ውሃ ውስጥ ጨው ወይም ሌላ የሟሟ ነገር ከበዛ ኤሌክትሪክ በደንብ ያልፋል፤ መርፌውም ይወጣል። «የሰበታን ውሃ እስቲ ጠይቁት» ብለው ለተማሪዎቹ በየተራ ሲያውሱ፣ ሰኞ እንድትመልስ አስጠንቅቀው ለእሷ ሰጧት።

ቤት ሮጣ ጨው ቆነጠረችና በቆርቆሮ ኩባያ በጠበጠች። ዘንጎቹን ስትነክር መርፌው ተፈናጠረ። ሳጥኑ ደህና ነው። የተለወጠው ሆራው ነው።

ሆራው የአባቷ የኦቦ ዳዲ ኩራት ነው። ባለፈው ክረምት ከማሳቸው ግርጌ ውሃ ፈለቀ፤ ከብቶቹ አንዴ ቀምሰውት አልላቀቅ አሉ። ከብት የሚወደው ጨዋማ ውሃ ደግሞ ሆራ ነው፤ ሆራ በረከት ነው። ኦቦ ዳዲ ዙሪያውን በድንጋይ ገነባ፣ አጠረ፣ በር አበጀለት። ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መረቁት። ከተፍኪ ድረስ ከብት እየነዱ ይመጣሉ። ድሮ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጦ ዝም የሚል ሰው፣ አሁን ከሽማግሌዎቹ ጎን ቦታ ይለቀቅለታል። ጠጅቱ አባቷ እንዲህ ቀና ብሎ ሲሄድ አይታ አታውቅም፤ ደስ ይላታል።

«አባዬ፣ ሆራው ዛሬ ጨው የለውም» አለችው።

ኦቦ ዳዲ ወርዶ በጣቱ ቀመሰና ትንሽ አሰበ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። «እሁድ አይደል እንዴ? ሰንበት ያከብራላ! ክርስቲያን ሆራ! ይህንንስ ለሽማግሌዎቹ ሳልነግር አላድርም!»

ጠጅቱም አብራው ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ደረቀባት። እሁድ የሚያርፍ ሌላም ነገር አለ። ከኮረብታው ጀርባ ያለው የቆዳ ፋብሪካ። በሥራ ቀን ጠዋት ጡሩምባው ሰበታን ይቀሰቅሳል፤ እሁድ ዝም ነው። በጨው የታሸ ጥሬ ቆዳ ከመኪና ሲራገፍ በዓይኗ አይታለች። ጋሼ ዓባይነህም ቆዳው ጨው ብቻ እንደማይነካው፣ ጸጉሩን የሚመልጥ መድኃኒት ውስጥ እንደሚዘፈዘፍ ነግረዋቸዋል። የዚያ እጣቢ ወዴት እንደሚሄድ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

የጎረቤታቸው የአዴ ገለቴ ላም ጥጃዋን ያለ ጊዜው የጣለችው ሆራው ከፈለቀ በኋላ ነው። የሌሎችም ጣሉ። ሰው «ዓይን ነው» አለ። አባቷ ደግሞ ለአዴ ገለቴ፣ «ሆራ አብዝተሽ አጠጫት፤ ያጠነክራታል» ብሎ መከራቸው። ላሟ አሁን እንደገና ከብዳለች።

ጠጅቱ ማታ እራት ላይ ልትናገር አፏን ከፈተች። ኦቦ ዳዲ ግን ስለ ክርስቲያኑ ሆራ እንዴት አድርጎ እንደሚያወራ እየተለማመደ፣ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር። አሳዘናት። የከፈተችውን አፏን በጉርሻ ዘጋችው፤ ባለመናገሯም ራሷን ጠላች።

ሰኞ ጠዋት ጡሩምባው ሳይነፋ ሳጥኑን ይዛ ወረደች። መርፌው እንደትናንቱ ተኝቷል። ብዙም ሳትቆይ አዴ ገለቴ ላማቸውን እየሳቡ መጡ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት አደርሽ ልጄ? በሩን ክፈቺልኝ፤ ይቺ ሆዳም ሌሊቱን ስትጮህ አደረች።»

«አዴ ገለቴ፣ ትንሽ ይጠብቁ። እባክዎ ጡሩምባው እስኪነፋ።»

«ማሎ! ከጡሩምባ ጋር ምን አገናኘን?»

ኦቦ ዳዲም ዱላውን ይዞ ደረሰ። «አንቺ፣ ሰው በር ላይ ታቆሚያለሽ? ምን ሆነሻል?»

«አባዬ፣ ሆራው የእኛ አይመስለኝም» አለች። «ጡሩምባው ሲነፋ እናያለን።»

አባቷ ፊቱ ተለዋወጠ። ሊቆጣ ነበር፤ አዴ ገለቴን አየና ተወው። ዓይኑ ወደ ኮረብታው ሄዶ ተመለሰ።

ጡሩምባው ነፋ። ጠጅቱ ዘንጎቹን ነክራ ጎንበስ አለች። ሳጥኑን ከደረቷ ጋር ስለያዘችው መርፌውን ከእሷ በቀር የሚያየው የለም። እባክህ አትነሳ አለችው በልቧ። አልተነሳም። ላሟ አፍንጫዋን በአጥሩ አሾልካ እንጨቱን ላሰች። አዴ ገለቴ ሰለቻቸውና ገመዱን ሳብ አደረጉ።

ያኔ መርፌው ከተኛበት ተነሳ። ቀስ እያለ ወደ ቀኝ መውጣት ያዘ።

«እህ፣ ምን አለ?» አለ ኦቦ ዳዲ። ድምፁ የትናንቱ አልነበረም፤ የድሮው፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰውዬ ድምፅ ነበር።

«ምንም» ማለት ትችላለች። ሳጥኑ ዛሬውኑ ይመለሳል። ላሟ ትጠጣለች፤ አባቷም ከሽማግሌዎቹ ጎን ይቀመጣል።

ጠጅቱ በሩን በጀርባዋ እንደደገፈች፣ ሳጥኑን ወደ አባቷ አዞረችው።