ጉርርር! አለ የአባባ ሆድ

ሐሴት ቢጫ ቀሚስ አላት። ኪሱ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ዓሣ ተጠልፋለች።

ቀሚሱን የሰፉላት አያቷ አባባ ደርበው ናቸው። አባባ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት መኪናቸው «ትክ ትክ ትክ ትክ!» ስትል ጎረቤት ድረስ ትሰማ ነበር።

አሁን ግን መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። የአባባ እጅ ስላስቸገረ ነው። «ንቅጥቅጥ! ንቅጥቅጥ!» ይላል። ተው ቢሉትም አይሰማም።

ዛሬ የሐሴት ልደት ነው። ስድስት ዓመት ሞላት!

«ለልደትሽ ምን ትፈልጊያለሽ? ኬክ? ፊኛ?» አለቻት እማዬ።

«ከአባባ ጋር ምሳ መብላት!» አለች ሐሴት። «ሰማያዊ በር ያለው ምግብ ቤት!»

ሰማያዊው በር ከትምህርት ቤቷ አጠገብ ነው። ሁልጊዜ የሎሚና የትኩስ ዳቦ ሽታ ይወጣበታል። ሐሴት በዚያ ባለፈች ቁጥር አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ታሸታለች።

አባባ ግን እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «እናንተ ሂዱ። እኔ ቤት እጠብቃለሁ።»

«እርስዎ ካልሄዱ እኔም አልሄድም!» አለች ሐሴት። እግሯንም መሬት ላይ «ዷ!» አደረገች።

ምን ይደረግ? አባባ ኮታቸውን ለበሱ።

በሩ ላይ ትልቅ ጽሑፍ አለ። ሐሴት በጣቷ እያሳየች አነበበች። «የሜ... ዲ... ት... ራ... ኒ... ያን ምግብ ቤት!» ብላ ስትጨርስ ትንፋሿ አለቀ።

«ሜዲትራኒያን ባሕር ነው» አለች እማዬ። «በዚያ ባሕር ዙሪያ ያሉ ሰዎች የሚበሉትን ነው የምንበላው።»

ውስጥ ግድግዳው ሁሉ ባሕር ነው! የተሳሉ ጀልባዎች፣ የተሳሉ ዓሦች። ሐሴት ኪሷ ላይ ላለችው ዓሣ «አየሻቸው?» አለቻት።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህኖች ተቀመጡ። አንድ ለሐሴት፣ አንድ ለእማዬ፣ አንድ ለአባባ። በየሳህኑ ጎን ማንኪያ፣ ሹካና ቢላ ያብለጨልጫሉ።

ሐሴት ግራ ገባት። ቤት ሲሆን ሁሉም ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። የአባባ እጅ ንቅጥቅጥ ሲል ሐሴት ቶሎ ብላ ታጎርሳቸዋለች። ማንም ልብ አይለውም።

«እዚህ በሹካ ነው የሚበላው» ብላ እማዬ በጆሮዋ ነገረቻት። «እንደ ትልቅ ሰው፣ እሺ?»

ምግቡ መጣ! የምስር ሾርባ መጣ። እንደ ትራስ የተነፋ ክብ ዳቦ መጣ። ፈላፈል የሚባሉ ቡናማ ድብልብል ኳሶችም መጡ። ዘይት ጠብ ጠብ የተደረገበት፣ ሽሮ የሚመስል ነገርም መጣ።

አባባ ማንኪያ አነሱ። ሾርባ ጨለፉ። ወደ አፋቸው ሊወስዱት ሲሉ...

«ንቅጥቅጥ! ንቅጥቅጥ!» አለ እጃቸው። ሾርባው ጠረጴዛው ላይ «ጠብ! ጠብ! ጠብ!»

አባባ ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። እጃቸውን ጠረጴዛው ሥር ደበቁት። «ጠገብኩ» አሉ።

ሆዳቸው ግን «ጉርርርር!» አለ።

«ቆይ አባባ፣ እኔ አለሁ!» አለች ሐሴት። ሹካዋን አንስታ አንዱን ፈላፈል ልትወጋው ሞከረች።

ፈላፈሉ ግን «ሸርተት!» ብሎ አመለጠ። «ዱብ!» ብሎ መሬት ወደቀ። ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ ተንከባለለና የአንድ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ ጫማ ሥር ቆመ።

ሰውዬው ዞር ብለው አዩ። አባባ አንገታቸውን ደፉ።

«ተዪው የኔ ልጅ። ሰው እያየን ነው» አሉ በዝግታ። «ጠገብኩ ብያለሁ።»

ሆዳቸው ግን «ጉርርርርርር!» አለ።

ሐሴት ከፋት። ኬክ አላማራትም። ፊኛም አላማራትም። ከአባባ ጋር መብላት ብቻ ነበር የፈለገችው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ይሄኔ የምግብ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ናዲያ መጡ። ሽርጣቸው ላይ ዱቄት አለ።

«ምነው አልበላችሁም? ምግቡ አልጣመም እንዴ?»

ሐሴት አባባን አየች። የአባባን ነገር ለሰው መናገር አልፈለገችም። አሰበች፣ አሰበች። ከዚያ ያንን ሽሮ የሚመስለውን በጣቷ አሳየች።

«ሽሮው... ሽሮው ቀዝቅዟል» አለች።

ወይዘሮ ናዲያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ እኮ ሽሮ አይደለም! ሁመስ ነው። እሱም እንደ ሽሮ ከሽምብራ ነው የሚሠራው፣ ግን ቀዝቀዝ ብሎ ነው የሚበላው። ደግሞስ ሁመስን ማን በሹካ ይበላዋል?»

ክቡን ዳቦ አንስተው «ቦጨቅ!» አደረጉት። ሁመሱን ጠቀስ፣ ጠቅለል አድርገው አሳዩዋት። «እኔ ያደግሁት ባሕሩ ዳር ነው። እናቴ እንዲህ ነበር የምታበላን። በእጅ፣ ሁላችንንም ከአንድ ሳህን።»

የሐሴት ዓይን ፈጠጠ። «በእጅ?»

«በእጅ ነዋ!»

«ከአንድ ሳህን?»

«ከአንድ ሳህን!»

«እኔ ደግሞ በሹካ ብቻ መስሎኝ!» አለች እማዬ። አፍራ ሳቀች። ሹካዎቹን ሰብስባ «ቃጭ! ቃጭ! ቃጭ!» ገፋ አደረገቻቸው።

ወይዘሮ ናዲያ ትልቅ ሳህን አመጡ። ሁሉንም ምግብ አንድ ላይ ደረደሩት። ሐሴት ሮጣ እጇን ታጥባ መጣች።

ዳቦውን ቦጨቅ! ሁመሱን ጠቀስ! ፈላፈሉን መሃል አድርጋ ጠቅለል! አቤት ጉርሻ! የሐሴትን ጡጫ ያህላል።

«አባባ፣ በሞቴ!»

አባባ ቀኝ አዩ። ግራ አዩ። ባለ ባርኔጣው ሰውዬ እንኳን በእጃቸው እየቦጨቁ ነው! ለካ ሁሉም የሚያየው የራሱን ምግብ ነው።

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። «ሃም!»

«ይጣፍጣል?»

አባባ መናገር አልቻሉም። ጉንጫቸው ሞልቷል። ራሳቸውን ብቻ ከፍ ዝቅ አደረጉ።

ሌላ ጉርሻ። «ሃም!» ሌላ ጉርሻ። «ሃም!»

ከዚያ አባባ የደበቁትን እጅ ከጠረጴዛው ሥር አወጡት።

«አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው» አሉ። «ልደት የማን ነው?»

«የኔ!» አለች ሐሴት። አፏን በሰፊው ከፈተች።

የአባባ እጅ ጉርሻውን ይዞ መጣ። «ንቅጥቅጥ! ንቅጥቅጥ!» ጉርሻው ወደ ቀኝ ሄደ። የሐሴት አፍም ወደ ቀኝ ሄደ።

ጉርሻው ወደ ግራ ሄደ። የሐሴት አፍም ወደ ግራ ሄደ።

ጉርሻው ወደ ላይ ወጣና... «ለጠፍ!» አፍንጫዋ ላይ!

አባባ ደነገጡ። ሐሴት ግን ምላሷን አውጥታ የአፍንጫዋን ጫፍ ላሰች። «አፍንጫዬም ርቦት ነበር!» አለች።

አባባ ሳቁ። እማዬም ሳቀች። አባባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሁለተኛው ጉርሻ ግን በትክክል አፏ ገባ። «ሃም!»

ማታ ሐሴት አልጋዋ ላይ ወጣች። ቢጫው ቀሚሷ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። ዓሣዋም ትንሽ ዘይት ነክቷታል።

«ይታጠባል» አለች እማዬ፣ ግንባሯን ስማ መብራቱን ቀነስ አደረገችው።

አባባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጸጉሯን ዳበሷት። «ንቅጥቅጥ... ንቅጥቅጥ...» አለ እጃቸው፣ ቀስ ብሎ። ሐሴት ይሄን በጣም ትወደዋለች። እንደ አባባ እጅ እንቅልፍ የሚያመጣ እጅ የለም።

«አባባ» አለች እያዛጋች። «ጠገቡ?»

«ጠገብኩ» አሉ አባባ።

ሐሴት ቀና አለች። ጆሮዋን ሆዳቸው ላይ ለጠፈች። አዳመጠች... አዳመጠች...

ጭጭ።

«እውነትዎን ነው» አለችና እዚያው ሆዳቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።