የረቡዕ ሽሮ

ዋና ሳጅን ኤርሲዶ ወደ ጎርታንቾ ሲላክ መኪና አልተሰጠውም። መኪና ዲግሪ ላለው ነው። እሱ ሥራ ያስለመዳቸው ልጆች በቅዳሜና እሁድ ትምህርት እየተመረቁ አንድ በአንድ አልፈውታል። በየምረቃቸው አጨብጭቧል፤ ለአንዳንዶቹማ ድግሳቸው ላይ ወንበር አሰልፏል። ስለዚህ ከሆሳዕና ሀቢቾ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በሞተር ሳይክል ጀርባ ላይ የግንቦት ጭቃ እየተረጨበት ሄደ። ትእዛዙ አጭር ነበር። ገዳይዋ ተይዛለች፤ ቃሏን ጨርስና ነገ ጠዋት አምጣት።

ጎርታንቾ አንድ የጠጠር መንገድና አንድ የገበያ ሜዳ ናት፤ ከዚያ ወዲያ እንሰት ነው። ከላይ የሚላክ እንግዳ ብዙ አያያትም። ሲመጣ ግን ያላትን ሁሉ አውጥታ ታቀርብለታለች፣ እሱም በልቶ ይሄድና ስሟን አሳስቶ ይጠራታል። ሰሞኑን የመጣው አቶ ወልደ ማርያም ይባላል፤ የመንግሥት ሠራተኛውን የትምህርት ማስረጃ ሊያጣራ ከዞን የተላከ ሰው ነው። ማክሰኞ ማታ ገብቶ ሱምያ በምትባል ሴት የእንግዳ ማረፊያ ቤት አደረ። ረቡዕ እዚያው የክብር ምሳ ተደረገለት።

እንግዳው በልቶ ደህና ዋለ። የቤቱ አስተናጋጅ ገነቴ ግን ከሰዓት በኋላ ሆዷን ይዛ ወደቀች። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆሳዕና ስትላክ መንገድ ላይ ሞተች። የሆሳዕናው ሐኪም የነቀዝ መድኃኒት ነው አለ። የበላችው ሽሮ ነው፤ የሠራችውም፣ በእጇ የሰጠቻትም ሱምያ ናት። በዚያ ላይ ሰኞ ዕለት ሁለቱ ሲጣሉ ገበያው ሰምቷል። ገነቴ ልታገባ ስለ ሆነ ሥራውን ልትለቅ ነበር፣ ሱምያም ተናዳ «እኔን ጥለሽ ሄደሽ ሲደላሽ አያለሁ» ብላታለች። ለወረዳው ፖሊስ ይኸው በቃው።

ሳጅኑ ዓርብ ጠዋት ሲደርስ የሱምያ ቤት መስኮቶች በድንጋይ ረግፈዋል። የወንድሟ የናስረዲን ሱቅ ተዘግቷል። አባታቸው እዚህ ከተማ የመጀመሪያውን ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ከረቡዕ ወዲህ ግን ሰው «እነዚያ መጤዎች» ማለት ጀምሯል። ሱምያ ነገ ከተጫነች ቤቱም ሱቁም እንደሚቃጠል ያልሰማ የለም። ፖሊሶቹም ሰምተዋል። ምን እናድርግ ይላሉ።

ሱምያ የታሰረችው በፖሊስ ጣቢያው የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ሳጅኑ በርሜል ገልብጦ ተቀመጠ።

«እርስዎም ሊያስፈርሙኝ ነው የመጡት?» አለችው።

«እኔ የመጣሁት ምሳው ምን እንደ ነበር ልጠይቅ ነው።»

ትክ ብላ አየችው። «ለምን ገደልሻት ብቻ ነው ሲሉኝ የከረሙት። ምሳውን የጠየቀኝ የለም።»

ነገረችው። ለእንግዳ ክብር አታካና ተሠራ፤ ቡላ በቅቤና በወተት። ለብቻው ደግሞ በትንሽ ድስት ቅቤ ያልነካው ሽሮ ተሠራ፤ ቀኑ ረቡዕ ነው፣ እንግዳውም ኦርቶዶክስ ነው። ይህን የወሰነው አቀባበል ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው እሷ፣ ወንድሟ ናስረዲን፣ የማዘጋጃ ቤቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ኤልያብና መምህር ተክለጊዮርጊስ ናቸው። መምህሩ ግን ስብሰባው ላይ አልነበረም፣ ፈተና ነበረበት። ሽሮውን ጎህ ሲቀድ ሠርታ፣ ከገነቴ ጋር ጨው ቀምሰው ከደኑት።

«ሁለታችሁም ቀመሳችሁ?»

«ሁለታችንም። ያኔ ምንም አልነበረበትም።»

ከዚያ ለእንግዳው ቁርስ ልታቀርብ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል ወጣች። ሰውዬው እንቁላል ፍርፍር በቅቤ አዘዛት። ገርሟት አይጾሙም እንዴ አለችው፣ ሳቀባት፤ እዚያው ክፍል በከሰል ምድጃ ጠበሰችለት። ስለዚህ ሽሮው የሚበላው አጣ።

«ገነቴን ቅቤ ያማታል፣ ሽሮ ነው የምትወደው። ምሳ ስናቀርብ ውሰጂ፣ የአንቺ ዕድል ነው አልኳት። የአንቺ ዕድል ነው አልኳት፣ ሳጅን።»

ሳጅኑ እስክትረጋጋ ጠበቀ። ቁርስ ስታቀርብ ማድቤት ማን ገባ ብሎ ጠየቀ። ገነቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ናስረዲን እሷ ገና እሳቱ ላይ ሳለች ለቤቱ እንቁላል ይዞ በጓሮ ገብቶ ወደ ፊት አልፏል፣ ከእንግዳው ጋር ተቀመጠ። መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር ከትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር አምጥቶ ጓሮ አራግፏል። ኤልያብም ገነቴን ፍለጋ ብቅ ብሎ ነበር፤ ሱምያ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ስትመለስ በጓሮ በር ሲወጣ ጀርባውን አይታዋለች። የገነቴ እጮኛ ነው፣ በየቀኑ ይመጣል። ከተመለሰች በኋላ ግን እስከ ምሳ ድረስ ከሴቶቹ ጋር ማድቤት ውስጥ ነበረች፣ ድስቱም ከእሷ ዓይን አልራቀም።

አቶ ወልደ ማርያም ከእንግዳ ማረፊያው አልወጣም። መኪናው ጭቃ ይዞታል፣ እሱንም ፍርሃት ይዞታል። ከትልቅ ቢሮ የመጣ ሰው ይጠየቃል ብሎ ያሰበ ፖሊስ አልነበረም።

«ረቡዕ ለምን የፍስክ በሉ?» አለው ሳጅኑ።

«ሃምሳ ነው እኮ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። አገር የሚያውቀው ነገር ነው።»

«ይህ አገር አያውቀውም። እዚህ አብዛኛው ሰው ጴንጤ ነው፣ የቀረው እስላም። ረቡዕ ኦርቶዶክስ ይጾማል፣ እዚህ ድረስ ብቻ ነው የሚያውቁት።» ሳጅኑ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ያ ሽሮ ለማን የተሠራ ይመስልዎታል?»

ሰውዬው የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እኔን የሚያውቀኝ ሰው እዚህ የለም» አለ።

«ሥራዎን የሚያውቅ አለ።»

መምህር ተክለጊዮርጊስ በክፍሉ ፈተና ሲያርም ተገኘ። ሳጅኑ ሽሮው አያስፈልግም ብሎ ለምን እንዳልነገራቸው ጠየቀው።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ መምህሩ። «ሃያ ዓመት እዚህ አስተምሬ የምጾመውን እንጂ የማልጾመውን የሚያውቅልኝ የለም።» በምሳው ላይ ደግሞ ኤልያብ ዘግይቶ መጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። እንግዳው አታካናውን ሲበላ አይቶ፣ «ቲቸር፣ ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?» አለው። መምህሩ ስለ ሃምሳ ማስረዳት ጀመረ። «ሳልጨርስ ብድግ ብሎ ወደ ማድቤት ሄደ። ዲግሪ ከያዘ ወዲህ ሰው አያዳምጥም።» መምህሩ አሁንም እንደ ተቀየመ ነው።

ናስረዲን በተዘጋው ሱቁ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል። ሳጅኑ ሲገባ ሁለት እጁን አቀረበለት።

«የጾም ይሠራለት ያልኩት እኔ ነኝ። ለአክብሮት ነው። የነቀዝ መድኃኒትም እሸጣለሁ። እኔን ውሰደኝና እህቴን ፍታት።»

«ጋሼ ናስሩ፣ እጅዎን ያውርዱ። ከእንግዳው ጋር አንድ ትሪ ላይ እንቁላል በልተዋል። እንደማይጾም ከዚያ ወዲህ ያውቃሉ። እሱን ለመግደል ሽሮ አይነኩም። ከቁርስ በፊት ደግሞ በማድቤቱ ያለፉት እህትዎ ዓይን ሥር ነው፣ ያኔ እሳቱ ላይ ነበረች። ይልቅ በምሳው ሰዓት ምን እንዳዩ ይንገሩኝ።»

ናስረዲን የሚነግረው ነገር አልነበረውም። ሱቅ ነበር የዋለው። ምሳው ሲጋመስ ኤልያብ እየሮጠ መጥቶ ወተት ወሰደ፣ እሱም ተከትሎት ወደ ምሳው ሄደ። ይኸው ነው።

«ወተቱ ለማን ነው አለ?»

«ለገነቴ።»

«ታማ ነበር?»

«የለም፣ ደህና ነበረች። ዕቃ እያጠበች ትቀልድ ነበር። ጠጪ ብሎ ሲለማመጣት፣ ጥጃህ መሰልኩህ ወይ አለችው። ሁላችንም ሳቅን። ሲብስበት በጉልበት ሊያጠጣት ሁሉ ሞከረ። የፍቅር ነው ብለን…» ናስረዲን እዚህ ላይ ቆመ። የሳጅኑን ፊት አየ። ያለውንም ያኔ ራሱ ሰማው።

የገነቴ አባት አቶ ሎምቤቦ ደጅ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ኤልያብ ከቀብሩ ጀምሮ ከዚያ አልተነሳም። እህል አልቀመሰም። ሌሊት አቶ ሎምቤቦ የራሱን ጋቢ ያለብሰዋል፣ ልጄ እያለ ያባብለዋል። ለቀስተኛው ሁሉ የሚያዝነው ለእሱ ነው። ሳጅኑ አጠገቡ ተቀምጦ በለሆሳስ፣ ረቡዕ ጠዋት ማድቤት ገብቶ እንደ ነበር ጠየቀው። ኤልያብ ከምሳ በፊት እዚያ ቤት አልደረስኩም አለ። ሳጅኑ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ተነሳ።

ከሰዓት በኋላ ሱምያን ይዞ ወደ ድንኳኑ መጣ። የጣቢያው አዛዥ አይሆንም ብሎት ነበር፤ የመጣብህ ይምጣብህ ብሎም ተወው። ሕዝቡ ሲያያት አጉረመረመ፣ ድንጋይ ያነሳም ነበር። አቶ ሎምቤቦ እጁን ከፍ አድርጎ ዝም አሰኛቸው። መምህሩ፣ ናስረዲንና እንግዳው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ኤልያብ አቶ ሎምቤቦ አጠገብ ነው።

«ገነቴን መግደል የፈለገ ሰው የለም» ሲል ጀመረ ሳጅኑ። «እኔም ስፈልግ የዋልኩት የሌለ ሰው ነው። ሽሮው የተሠራው ለእንግዳው ነው። መርዙም የገባው ለእንግዳው ነው። ግን ሰውዬው አልጾመም፣ ምክንያቱም ሃምሳ ነው። እንግዲህ ገዳዩ ይህን የማያውቅ ሰው ነው። መምህሩ ያውቃል፣ በእምነቱ ነው። ሱምያና ናስረዲን ቁርስ ሲያበሉት አውቀዋል። ሱምያ ገነቴን አስባ ቢሆን ደግሞ፣ ገነቴ እንደምትበላው የተወሰነው ሰውዬው እንቁላል ካዘዘ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማድቤቱ በሴቶች ተሞልቶ ነበር፣ ጠይቄአቸዋለሁ፣ ድስቱን ከፍቶ ያየ የለም። ስለዚህ መርዙ የገባው ሱምያ ወጥታ ቁርስ ስታቀርብ፣ ማድቤቱ ባዶ በሆነባት ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ ናስረዲን ፊት ለፊት ከእንግዳው ጋር ነው፣ መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር ወንበር ያራግፋል። በጓሮ በር ሲወጣ የታየ አንድ ሰው ነው። እሱም አልሄድኩም ብሎኛል።»

ኤልያብ መሬት መሬት ያያል።

«በሐሰት ብቻ ሰው አልከስም» አለ ሳጅኑ። «ሰው ደንግጦ ይዋሻል። ግን ምሳ ላይ እንግዳው ቅቤ ሲበላ አይቶ ወደ ማድቤት የሮጠ አለ። ሽሮውን ሊደፋ ነበር የሮጠው። ገነቴ ጨርሳዋለች። ከዚያ ወተት ገዝቶ ጠጪ ብሎ ለመናት። ያን ጊዜ ገነቴ አልታመመችም፣ ትስቅ ነበር። እንደምትታመም የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ኤልያብ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ አጣጠፈው።

«የኔ ዲግሪ የውሸት ነው» አለ። «ደረጃው ሁሉ፣ ሠርጉ ሁሉ በሱ ላይ የቆመ ነው። ሰውዬው ቢሞት ሌላ እስኪላክ ጊዜ አገኛለሁ አልኩ።»

ሳጅኑ ወደ እንግዳው ዞረ። «ቢደርሱበት ምን ያደርጉት ነበር?»

«ሪፖርት አደርጋለሁ» አለ አቶ ወልደ ማርያም በቀጭን ድምፅ። «ከኃላፊነት ይነሳል። ምናልባት ዝቅ ባለ መደብ…»

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለ ሳጅኑ ለኤልያብ። «ጤና ጣቢያ ያደረስካት አንተ ነህ። ምን እንደ በላች ሲጠይቁህ አላውቅም ማለትህን ነግረውኛል። የነቀዝ መድኃኒት ብትል ኖሮ፣ ትተርፋለች አልልም፣ ግን ይሞክሩላት ነበር።»

ኤልያብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር» አለ። «ትሰማኝ ነበር።»

አቶ ሎምቤቦ አልጮኸም፣ አልተነሳበትምም። አማርኛው ብዙ አይደለም፤ ቃሉን እየፈለገ ነው የተናገረው። «እኔ ልጄን ለዲግሪ አልሰጠሁም። አንተን ወድጄ ነው የሰጠሁ። ሞተር ብትነዳም እሰጥህ ነበር። እሷም ትመጣ ነበር።» እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ሳጅኑ ተመለከተ፣ አንድ ነገር እንዲያደርግለት እንደሚጠብቅ። ሳጅኑ የሚያደርገው አልነበረውም። ካቴናውን ከሱምያ እጅ ፈትቶ ኤልያብ እጅ ላይ አሰረ፤ ማድረግ የሚችለው ይህንኑ ነበር።

ድንጋይ የያዙት እየጣሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሱምያን ይቅርታ ያላት የለም። አንዲት ሴት ብቻ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

ሱምያ አልተቀመጠችም። የገነቴን ቀብር አላየችም፣ ልቅሶዋንም ከእህል መጋዘን ውስጥ ሆና ነው የሰማችው። በካቴናው የተላጠ የእጅ አንጓዋን ይዛ አቶ ሎምቤቦ ፊት ቆመች።

«አባባ» አለችው፣ «አሁን ላልቅስላት?»

ሽማግሌው አላያትም። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጀመረች።