በለቅሶ መሐል የወጣ ተመስገን

ተመስገን ማለት ኃጢአት የሚሆንበት ቀን አለ? ሞቷል የተባለ ባሏ በሩን ከፍቶ ሲገባ አይታ «ተመስገን!» ብላ በጮኸች ሴት ላይ ማን ይፈርዳል? ምናልባት ማንም። ልብስ ሰፊዋ ግን በራሷ ላይ ራሷ ፈርዳ፣ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ተሸክማ፣ የወጣትነት ዓመታቷን አንገቷን ደፍታ ኖረች። ለምን ቢባል፣ ያን ቀን እሷ ባሏን ስታገኝ፣ ክንዷን ደግፈው ያቆሟት አማቷ ሌላውን ልጃቸውን አጥተው ነበር።

ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ነው። የፊተኛዋ ክፍል የሥራ ቦታ ናት። ከመስኮቱ ሥር በእግር የሚነዳ የስፌት መኪና፣ ከጎኑ ጨርቅ የሚቆረጥበት ሰፊ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ ኮቶች። ምራት መኪናው ላይ፣ አማት ከጠረጴዛው ማዶ። አማት ቁልፍ ይተክላሉ፣ ጠርዝ ይዘመዝማሉ፤ እሳቸው የተከሉት ቁልፍ ልብሱ አርጅቶ ይቀደዳል እንጂ አይበጠስም ስለሚባል ሰፈርተኛው «እማማ ቁልፌ» ይላቸው ነበር። አማትና ምራት አብረው አይከርሙም የሚል ሰው እነዚህን ሁለቱን አላየም። ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ ሰው ሲያሙ ውለው፣ ሥራ ሲያበቃ ደግሞ ያልጨረሱት ወሬ ይተርፋቸዋል።

እማማ ቁልፌ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ፣ የልብስ ሰፊዋ ባል፣ መካኒክ ነው፤ ቁጥብ፣ ዝምተኛ፣ አባቱ ሲሞት ገና በልጅነቱ የቤቱን ቀንበር የተሸከመ። ታናሹ ጎሚስታ ነበር፤ ጎማ ሲለጥፍ እንኳ ትከሻው የማያርፍ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማያውቅ «ፌንጣ» የሚል ስም ወጣለት። «ሆዴ ውስጥ ዘጠኝ ወር መቆየቱ ራሱ ይገርመኛል» ይሉ ነበር እናቱ፣ ዓይናቸው እየሳቀ። እናት አታዳላም ይባላል። ይባላል እንጂ! ትልቁ ልጅ የቤቱ ምሰሶ ነበር፤ ምሰሶን ደግሞ ሰው ይደገፈዋል እንጂ አያቅፈውም። የሚታቀፈው ፌንጣ ነበር። መካኒኩ ይህን ከነገር ቆጥሮት አያውቅም፤ እሱም ራሱ ለታናሹ ነፍሱን ይሰጥ ነበር።

ወንድማማቾቹን አንድ የሚያደርጋቸው እብደት ነበር፤ የአፈር ላይ የመኪና ውድድር! ከከተማው ዳር፣ ግሬደር ክብ አድርጎ በጠረገው ሜዳ ላይ፣ በሩና መስታወቱ የተነቀለ አሮጌ መኪና ሁሉ እየጮኸ ይሽቀዳደማል። ውሃ የጫነ ቦቴ በየመሐሉ እየዞረ ቢረጭም ምድሩ ጠጥቶ አይጠግብም፤ አቧራው ሰማይ ይነካል። መካኒኩ ከቁርጥራጭ ብረት ጠግኖ ያስነሳት ቀይ መኪና ነበረችው። ፌንጣም ሰማያዊ ነበረችው፤ ከምትሮጥበት ጊዜ የምትገፋበት የሚበዛ። ሴቶቹ ሜዳውን ረግጠው አያውቁም። «ልቤ አይችልም» ይላሉ እማማ። የልብስ ሰፊዋም ልብ አይችልም፤ በዚያ ላይ ያኔ የመጀመሪያ ፅንሷን ይዛ ነበር።

ያ የተረገመ ቀን እንደማንኛውም የእረፍት ቀን ነበር የጀመረው። ወንድማማቾቹ እየተበሻሸቁ ወጡ፤ ፌንጣ ዳቦ እንደጎረሰ የእናቱን ጉንጭ ስሞ «እማዬ፣ ዛሬ ዋንጫውን ይዤ ካልመጣሁ ከዚህ ቤት አባሪኝ!» አለ። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ የተማሪ ዩኒፎርም ይዘው ተቀምጠው ሳለ፣ ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው ሳያንኳኳ ገባ። ከሜዳው በሩጫ ነው የመጣው።

«ቀይዋ መኪና...» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ኩርባው ላይ ተገልብጣ ሰው መሐል ገባች። ስንት ሰው... ሾፌሩም...»

«ሾፌሩም ምን?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከስፌት መኪናው ላይ ሳትነሳ።

ዳቦ ጋጋሪው ኮፍያውን አወለቀ። «በድምፅ ማጉያ ስሙን ሲጠሩት ሰማሁ፣ እህቴ። ባልሽ... የለም።»

ሰማይና ምድር ተደበላለቁባት። ልትወድቅ ስትል እማማ ክንዷን ያዟት፤ ከዚያ እሳቸውም «ልጄን! ልጄን!» ብለው ጮሁ፣ ጎረቤቱም ጩኸቱን ሰምቶ ቤቱን ሞላው። ልብስ ሰፊዋ በሆዷ ያለውን ልጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ አባቱን ሳያይ የሚወለደውን፣ ምን ብላ ታሳድገው? አባትህ ማን ነበር ብላ ትንገረው? እንዲህ እያለች እየተቃጠለች ሳለ፣ በሩ አካባቢ ያለው ሰው በድንገት ግራና ቀኝ ተከፈለ።

አቧራ የለበሰ፣ አንድ ዓይኑ በፋሻ የታሰረ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሟል። መካኒኩ ነው! በቁሙ! በእግሩ! ልብስ ሰፊዋ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ከአንጀቷ፣ ከአጥንቷ፣ ሆዷ ውስጥ ካለው ፅንስ ጭምር የወጣ የሚመስል ድምፅ «ተመስገን!» አለ። «ተመስገን! ተመስገን!» እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ አቧራውን በከንፈሯ እየጠረገች። እሱ ግን እጁን አላነሳም። በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እናቱን ያያል። እናቱ ደግሞ ከልጃቸው ጀርባ ያለውን ባዶ በር ያያሉ።

«ወንድምህስ?» አሉ እማማ።

መካኒኩ የሚስቱን ክንድ ከአንገቱ አላቀቀ።

«ወንድምህስ፣ አልኩህ?»

«መጀመሪያው ዙር ላይ ጠጠር ዓይኔን መታኝ፣ እማዬ» አለ መካኒኩ ድምፁ እየተሰነጠቀ። «የሱ መኪና አልነሳ ብሎት ነበር። ‘ለመጨረሻው ዙር ያንተን ስጠኝ፣ እኔ ልንዳልህ’ አለኝ። ሰጠሁት... እማዬ፣ ሰጠሁት!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ያ ተመስገን ወጥቶ ቤቱን ሞልቶታል፤ ማን ይመልሰው? ልብስ ሰፊዋ አፏን በሁለት እጇ ከደነች፤ ግን ምን ዋጋ አለው? እማማ ቀና ብለው አንድ ጊዜ አዩዋት፤ ከዚያ ዓይናቸውን መለሱ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች!

መከራ ብቻውን አይመጣም። ኩርባው ላይ ዘመዶቻቸው የሞቱባቸው ሰዎች ደጃፉ ላይ እየመጡ አለቀሱ፤ ከፊሎቹም ረገሙ። ሜዳው ተዘጋ። የመካኒኩ ዓይን በዚያው ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ የሰው መኪና ይጠግናል፣ መሪ ጨብጦ ለመሞከር ግን ሌላ ሰው ይጠራል። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ፅንሷን አጣች። የሐኪም ቤቱ አልጋ ላይ ተኝታ ጣሪያውን እያየች «ዋጋዬን ተቀበልኩ» አለች። «በሰው ሐዘን ላይ ተመስገን ያልኩበት ነው።» ከዚያ በኋላ ሌላ ፅንስ አልመጣም፤ እሷም እንዲመጣ ለመለመን አፍ አጣች።

ከሁሉ የከፋው ግን የእማማ ደግነት ነበር! አንዲት ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ፅንሱ የወጣባት ጊዜ ሾርባ በማንኪያ አጎረሷት፣ ፀጉሯን አበጠሩላት፤ ብቻ ዓይኗን አያዩም። ቢሰድቧት፣ ቢረግሟት፣ «አንቺ ሰው ነሽ?» ቢሏት ምን ነበረበት? ጠረጴዛው ላይ «መቀሱን አቀብይኝ»፣ «ክሩ አልቋል» ከሚለው ያለፈ ወሬ ጠፋ። መካኒኩ ለምግብ ሲቀርብ እናቱ ሥራ ፈልገው ይነሳሉ። «ልታየኝ አልቻለችም» ይላል ለሚስቱ። «መኪናዬን ሰጥቼ ገድየዋለሁና ምን ታድርግ?» ልብስ ሰፊዋ ስንት ጊዜ ይቅርታ ልትጠይቅ የስፌት መኪናውን አቁማ ቀና ብላለች! ከዚያ ፔዳሉን መልሳ ትረግጣለች። ዝምታ ለበጎችም አልበጃቸው ይባላል፤ ለዚህ ቤት ሰዎችማ ጨርሶ አልበጃቸውም።

እንዲህ እያለ የባልና ሚስቱ ፀጉር ሸበተ። አንድ ቀን እማማ መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገቡ ሲሞክሩ ደረታቸውን ይዘው ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። ልብ ነው፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ተባለ። ሐኪሙ መካኒኩንና ሚስቱን ኮሪደር ላይ ጠርቶ በትሕትና ነገራቸው፤ ሳይደረግ ቢቀር ብዙ አይቆዩም፣ ቢደረግም በዚህ ዕድሜ ላይነቁ ይችላሉ። ልብስ ሰፊዋ ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ይቅርታዋን ሳታገኝ አማቷ ቢሄዱባትስ? እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ማንን ትለምናለች?

የቀዶ ጥገናው ዕለት ጠዋት እማማ «እግሬን በረደኝ» ሲሉ መካኒኩ ብርድ ልብስ ፍለጋ ወጣ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ልብስ ሰፊዋ ከብረት አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

«እማዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አድርገሽ?»

«ያን ቀን... ልጅዎ ሞቶ ሳለ፣ እፊትዎ ላይ ተመስገን ያልኩት...»

እማማ ግራ ተጋብተው አዩዋት። ከስንት ዓመት በኋላ ዓይን ለዓይን ተያዩ። «ይኼንን ነው እስካሁን ተሸክመሽ የኖርሽው?» አሉ። «እኔ እኮ አልሰማሁሽም፣ ልጄ። የራሴን ስሰማ ነበር።»

«የራስዎን ምን?»

እማማ ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ ትልቁ ሞተ ሲል፣ ክንድሽን ይዤ፣ ገና ሳልጮህ፣ ገና እንባዬ ሳይመጣ፣ ሆዴ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‘ተመስገን፣ ፌንጣዬ አይደለም’ አለ! እናቱ ነኝ እኮ! ዕድሜውን ሙሉ ለኔ የለፋ ልጄ ሞተ ሲሉኝ... ፈጣሪም ሰማኝ። ሰምቶኝ ፌንጣዬን ወሰደ። ከዚያ ወዲያ ያንን ልጅ በምን ዓይኔ ልየው? አንቺንስ በየትኛው አፌ ላጫውትሽ? አንቺ ተመስገን ያልሽው በሕይወት ለመጣ ሰው ነው። እኔ ያልኩት ሞተ በተባለ ልጄ ላይ ነው።»

ለካ ያ ዓይን እሷን ሸሽቶ ሳይሆን አፍሮ ነበር የሚሰበረው! ለካ አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱን ጨርቅ በሁለት ጫፍ ይዘው፣ ሁለቱም አንድ ሸክም ተሸክመው ኖረዋል! የአማቷን እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገች፤ ደረቷ ላይ ለዓመታት የተቀመጠው ድንጋይ ሲነሳ በግልጽ ተሰማት። ከዚያ ቀና አለች።

መካኒኩ ብርድ ልብሱን እንዳቀፈ በሩ ላይ ቆሟል።

ሁሉንም ሰምቷል። ፊቱ ላይ የተጻፈ ነው። እማማም አይተውት አፋቸውን በአንሶላው ያዙ። ልብስ ሰፊዋ ፈራች፤ አሁን ዘወር ብሎ ቢወጣስ? እናቱ ወደ ቀዶ ጥገናው ሲገቡ ልጃቸው ተቀይሟቸው ቢሄድስ? ምነው አፌን በዘጋሁት ኖሮ!

መካኒኩ ግን ገባ። ብርድ ልብሱን ዘረጋ፣ የእናቱን እግር ሸፈነ፣ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር አስገባ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማዬ» አለ። «እኔንስ ብትጠይቂኝ እሱን አልነበር የምመርጠው?»

እማማ በደከመ እጃቸው ትከሻውን መቱት። «ሞኝ!» አሉ። «አንተ ሞኝ! ሁለተኛ ይቺን ቃል እንዳትደግማት!» ደግመው መቱት፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን እጃቸው መምታቱን ረስቶ አንገቱን ይዞ ቀረ። ጎትተው ደረታቸው ላይ ጣሉት።

«እኔ እኮ የምትሸሺኝ ስለገደልኩት መስሎኝ...»

«አንተ ምን ገደልክ? ማን ያን ልጅ አትንዳ ብሎ ያስቆመው ነበር? እኔ የወለድኩት እንኳ አልቻልኩም!»

እዚህ ላይ ሦስቱም ሳቁ። እያለቀሱ ሳቁ። ከአደጋው ቀን ወዲህ የፌንጣ ስም ተነስቶ ሰው ሲስቅ ይኸ የመጀመሪያው ነበር፤ ለካ የሚወዱት ልጅ በለቅሶ ብቻ እንዲታሰብ ፈርደውበት ኖረዋል! እማማን ሊወስዱ የመጡት ነርሶች የሚስቅ በሽተኛ አግኝተው ገረማቸው።

ጥበቃው ረዘመ። ባልና ሚስት ኮሪደሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ የአፏን መሸፈኛ ወደ ታች እየሳበች ወጣች።

«ቀዶ ጥገናው በደህና አልቋል። እሳቸውም ነቅተዋል» አለች። «ብቻ ማደንዘዣው ገና ስላልለቀቃቸው ይቃዣሉ። ልጄን ጥሩልኝ ይላሉ።»

ባልና ሚስት ተያዩ። መካኒኩ ሊነሳ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ማደንዘዣ የያዘው ሰው ይሉኝታ የለውም፤ በሆዱ ያለውን ነው የሚናገረው። «የትኛውን ልጃቸውን?» አለ፣ መልሱን ለመሸከም እየተዘጋጀ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች ነርሷ። «‘ያንን ሞኝ ልጄን ጥሩልኝ’ ነው የሚሉት።»

ያ ቁጥብ ሰው፣ ያ ሸበቶ፣ እንደ ሕፃን እየሮጠ ገባ።

ልብስ ሰፊዋ አግዳሚው ላይ ቀረች። ዕጣ ሲወረወር ማን ላይ እንደሚወድቅ ማን ያውቃል? አንዱን ቤት ሊመታ መጥቶ ሌላውን ይመታል፤ ዕጣው ያለፈው ሰው ደግሞ ከደረቱ የሚወጣውን ትንፋሽ ማን አግዶት ያውቃል? እንኳን ሰው፣ በሬም ቀንበሩ ሲወርድለት ይተነፍሳል። ኃጢአቱ መተንፈሱ አልነበረም። ኃጢአቱ እርስ በርስ ተደባብቆ ያን ያህል ዘመን ማለፉ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ዛሬ ይቅር ተባብለዋል። እንባዋ ይወርዳል፤ እሷም አልጠረገችውም።

በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር። ከውስጥ ቀጭን፣ የደከመ፣ ግን ትዕዛዝ ያልተለየው ድምፅ ተሰማ።

«እሷስ? ውጭ ተቀምጣ ምን ትሠራለች? ብቻዬን ላወራ ነው እንዴ? ጥራት እንጂ!»

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ገባች።