በጣሳ በጣሳ

ያለምዘውድ፣ ሰው ዓሣ የሚያጠምደው ሊበላው ይመስላት ነበር፤ ሮም መጥታ ኢንጂኜሬ ፋልኮኒ ቤት እስክትቀጠር ድረስ። ኢንጂኜሬው በጠዋት ተነስቶ እስከ ብብቱ የሚደርስ የላስቲክ ሱሪውን መኪናው ላይ ይጭንና ወደ አኒዬኔ ወንዝ ይሄዳል። ከላባና ከክር ዝንብ አስመስሎ በሠራው መንጠቆ፣ ትሮታ የምትባለውን ባለነጥብ ዓሣ ሲያባብል ይውላል። ስትያዝለት እጁን በውሃ አርጥቦ በቀስታ ያላቅቃትና መልሶ ይለቃታል! ማታ ባዶ እጁን፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ይገባል።

«ይህን ሁሉ ለፍቶ ማታ ፓስታ!» ትላለች ያለምዘውድ ለራሷ፣ ሱሪውን በረንዳ ላይ እያሰጣች። «የጠገበ ሰው ሥራ አያጣም።»

የጠገቡት ደግሞ ብዙ ነበሩ። ማኅበር አላቸው። የትሮታ ዘር እንዳይጠፋ ይቆረቆራሉ፤ ወንዝ ያጸዳሉ፣ ትንንሽ ዓሣ አሳድገው ይለቃሉ፣ ለመብላት ከሚያጠምድ ሰው ሁሉ ጋር ይጣላሉ። የሚሰበሰቡት በየሐሙሱ አመሻሽ በኢንጂኜሬው ሳሎን ነው። የያለምዘውድ ጣጣም የጀመረው ከዚሁ ነው።

ሮም ውስጥ ሰው ቤት እያደረች የምትሠራ የሐበሻ ልጅ ነፃነቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ከሰዓት ነው። ያን ለታ ሁሉም ተርሚኒ ጣቢያ ይወጣል፤ ያገር ወሬ ይሰማል፣ ይሳቃል፣ ይለቀሳል። የያለምዘውድን ሐሙስ ግን ማኅበሩ በላው። «ካራ፣ ሐሙስን ብቻ» አለቻት እያቆላመጠች የኢንጂኜሬው ሚስት ሲኞራ ኦርኔላ። ቀጥሎ የእሑድ የወንዝ ዳር ምሳ መጣ፤ እሑድም ሄደ።

ፓስፖርቷ «እንዳይጠፋብሽ» ተብሎ በሲኞራ ቁም ሳጥን ተቆልፎበታል። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፔርሜሶዋ፣ የቆመው የሲኞራ ሠራተኛ በመሆኗ ነው። ጥላ ብትወጣስ ወዴት? አዲስ አበባ ታናሽ ወንድሟ በቀይ ሽብር ጊዜ ጠፍቶ፣ «ልጅህን አምጣ» ተብለው አባቷ በእሱ ፋንታ ታስረዋል። ሲፈቱ ጎብጠው ነበር፤ ብዙም አልቆዩ። እሷንም ቀበሌው ሲያፈላልጋት ነው በዘመድ ዘዴ ከአገር የወጣችው። ያም ዝግ፣ ይህም ዝግ።

በ1973 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ በአንዱ ሐሙስ፣ የበሩ ደወል ጮኸና ከፈተች። ደጃፉ ላይ የቆመው ሐበሻ ነው። ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ለክብር ብሎ ያሰራት ክራባት አንገቱን አንቃ የያዘችው። ሁለቱም ደነገጡ።

«ይግቡ» አለች ዓይኗን ሰብራ። ሽርጧ አሳፈራት።

«እኔን ነው?» ሌላ ሰው እንደሚፈልግ ሁሉ ወደኋላው ዞሮ አየ። «ሳህሉ እባላለሁ። ምነው፣ በር ላይ አስረጀሽኝ እኮ!»

ሳቋን በግድ ዋጠችው።

ሳህሉ የባሌ ጎባ ልጅ ነው። የዓሣ ልማት እንዲማር መንግሥት ወደ ሮም የላከው ወጣት ነው። ማኅበርተኞቹ የጋበዙት በባሌ ተራሮች ትሮታ አለ ሲባል ሰምተው ነበር። ያለምዘውድ ትሪ ይዛ በሩ ጥግ ቆማ አዳመጠችው። ዓሦቹ የባሌ ተወላጅ አይደሉም አለ፤ ከኬንያ ተጭነው መጥተው ዳንካ ወንዝ ላይ የተለቀቁ ናቸው።

«ቅዝቃዜውን ወደዱት፣ ተዋለዱ። ግን ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላቸውም፤ ወደ ታች ውሃው ይሞቃል።»

ይህን ሲል የሚያየው የማኅበሩን ሊቀመንበር አልነበረም። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንኳኩ፤ ሲኞራ ኦርኔላ ቅንድቧን አነሳች።

ከዚያ ወዲህ ሳህሉን ሐሙስ አምልጦት አያውቅም። ከሁሉ ቀድሞ ይመጣና «ውሃ ጠማኝ» ብሎ ወጥ ቤት ይገባል። እሷ ብርጭቆ ታጥባለች፣ እሱ ያደርቃል።

«ይሄ ጥማትህ ሐኪም ሳያስፈልገው አይቀርም» ትለዋለች።

«ሐኪሟ እጇ ሳሙና ላይ ነው» ይላታል።

እንግዶቹ እስኪሰበሰቡ ድረስ ነው እንግዲህ። ከዚያ ደወል ይጮሃል፤ እሱ ሳሎን ገብቶ ሲኞር ሳህሉ ይሆናል፣ እሷ ትሪዋን ታነሳለች። በሳምንት የምታገኘው ይህችኑ ነው፤ ሰባቱን ቀን የምትኖረውም በዚህችው ነበር።

ነሐሴ ላይ ከአኒዬኔ ተጠልፎ የሚወርድ አንድ የመስኖ ቦይ ሊጠገን ተዘጋ። ውሃው ሲጎድል ወደ ቦዩ የገቡት ትሮታዎች መውጫ አጥተው በየጉድጓዱ ቀሩ። ማኅበሩም እሑድ ዕለት ተጠራርቶ በመረብና በባልዲ ሊያወጣቸው ወረደ። ያለምዘውድ ለምሳው ተወሰደች።

ጉድጓዱን ጎንበስ ብላ አየችው። ዓሦቹ ቁርጭምጭሚት በማያሰጥም ሙቅ ውሃ ውስጥ ተደራርበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። መውጫ አጥቶ የቀረ ሰው ምን እንደሚመስል አሁን አየሁት አለች በሆዷ። ጫማዋን አውልቃ ገባች።

«ያለም! ፓስታው!» ጮኸች ሲኞራ ከዛፍ ጥላ ሥር።

«ይጠብቅ!» አለች ያለምዘውድ፣ በአማርኛ።

ባልዲው ሲሞላ ተሸክማ ወደ ወንዙ ሮጠች። ልትገለብጠው ስትል ሳህሉ ደርሶ እጇን ያዘ።

«ተይ! ትገድያቸዋለሽ።»

«ውሃ ውስጥ ልጨምራቸው ነው እኮ! ምን ነካህ?»

«ባልዲው ሞቋል፣ ወንዙ በረዶ ነው። ባንዴ ከገቡ አይችሉትም። ከወንዙ እየቀዳን በጣሳ በጣሳ እንጨምርላቸው፤ ሲለምዱት ይነግሩናል።»

«ዓሣ ደግሞ ምን ብሎ ይነግርሃል?»

«ዝም ብለሽ እይ።»

ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ እግራቸውን ወንዙ ውስጥ ነክረው። አንድ ጣሳ እሱ፣ አንድ ጣሳ እሷ። ከተዋወቁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰፊ ጊዜ አግኝተው አያውቁም።

«በፍልሰታ ጾም ዓሣ ሳሻሽ ዋልኩ» አለች። «የነፍስ አባቴ ባይሰሙ።»

«አልበላሽው!»

«ማቀፉስ?»

ተሳሳቁ። ጣሳውን ሲቀባበሉ ጣቶቻቸው እዚያው ቀሩ። ወደደችው፤ ለዚህ ሌላ ስም የለውም። ከወንዙ ማዶ እስከ ሮም ድረስ ያለው መንገድ ሁሉ የተከፈተ መሰላት።

«ያለም» አለ ዓይኑን ከባልዲው ሳያነሳ። «ትምህርቴ መስከረም ላይ ያልቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... እስቲ እናያለን።»

ዓሦቹ መንፈራገጥ ትተው ቀጥ ብለው መቆም ሲጀምሩ ባልዲውን ዘንበል አደረጉላቸው። አንድ በአንድ ወጥተው ጥልቁ ውስጥ ጠፉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ብርጭቆ እያደረቀ፣ «ምናልባት ወደ አገር ይጠሩን ይሆናል» አላት። በሌላው ሐሙስ፣ «አብረውኝ ከመጡት ልጆች ሁለቱ ተጠሩ» አላት። ሁሉንም ሰማች፣ ሁሉንም ዋጠች፤ እያንዳንዷ ብቻዋን ስትመጣ ያን ያህል አትከብድም ነበርና።

በመስከረም መባቻ ሲኞራና ኢንጂኜሬው ለሁለት ቀን ወደ ባሕር ሄዱና ያለምዘውድ ቤት ጠባቂ ሆና ቀረች። እሑድ ከሰዓት በሩን ቆልፋ ወደ ቶር ፒኛታራ በረረች። ሳህሉ የሚኖረው እዚያ ነው፤ በሮም ብዙ ዘመን የቆዩት የአስመራዋ ወይዘሮ ትበርህ አንድ ክፍል አከራይተውታል።

«የለም፣ ልጄ» አሏት ወይዘሮ ትበርህ። «ሻንጣ ሊገዛ ወጣ። ለረቡዕ ሳምንት ቲኬቱ ተቆርጦ የለ? አልነገረሽም እንዴ?»

«ነግሮኛል» አለች ያለምዘውድ። እንዴት እንደተመለሰች አታስታውስም።

ሐሙስ ደረሰ። ሳህሉ እንደ ልማዱ ቀድሞ መጣ፣ እንደ ልማዱ ውሃ ጠማው።

«ሻንጣው አማረ?» አለችው።

የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ማን ነገረሽ?»

«አንተ ነሃ! በየሐሙሱ! ትምህርቴ ያልቃል፣ ይጠሩን ይሆናል፣ ልጆቹ ተጠሩ... በጣሳ በጣሳ ታለማምደኝ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ» አለ። አለመዋሸቱ ይበልጥ አናደዳት።

«እኔ ዓሣ ነኝ?»

«ያልቻልኩት እኔ ነኝ፣ ያለም። ለራሴ ነው በጣሳ በጣሳ የነገርኩት።»

ሳሎን ውስጥ ማኅበርተኞቹ ከአንድ ወንዝ ላይ ዓሣ ይዞ መሄድ ይከልከል አይከልከል እያሉ ይጯጯሃሉ። ሲኞራ ትንሿን ቃጭሏን አንቃጨለች። ያለምዘውድ ትሪውን ይዛ ገባች፣ ፈገግ ብላ አዙራ ተመለሰች። ሳህሉ እዚያው ቆሟል።

«አትሂድ ካልሽኝ አልሄድም» አለ። «ጥገኝነት እጠይቃለሁ። አንቺም ከዚህ ቤት ትወጫለሽ። ወይዘሮ ትበርህ ክፍሉ ለሁለት ይበቃል ብለዋል። አንዲት ቃል ብቻ በይኝ።»

በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ስንት ሐሙስ የተመኘችው ይህንኑ ነው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሷል። ግን መንግሥት ወደ ውጭ የሚልከው ተማሪ ዋስ እንደሚጠራ፣ ሳይመለስ ከቀረ ጣጣው የዋሱ እንደሆነ የማያውቅ ሐበሻ አልነበረም።

«ዋስህ ማን ነው?» አለች።

ብርጭቆውን አንስቶ እንደገና ማድረቅ ጀመረ።

«ሳህሉ፣ ዋስህ ማን ነው?»

«አባቴ።»

አባቷ ከእስር የወጡ ለታ ትዝ አሏት። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ለማሰር ሲታገሉ ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው። እሷ ተንበርክካ አሰረችላቸው።

«ሂድ» አለችው።

«እንዲህ ባንዴ?»

«ባንዴ። እኔ በጣሳ አላውቅበትም።»

ልቅሶዋ ሳሎን ድረስ እንዳይሰማ የውሃውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ ቃጭሉ እንደገና ጮኸ።

ረቡዕ ጠዋት ያለምዘውድ ሽርጧን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ረቡዕ ዕረፍትሽ አይደለም» አለች ሲኞራ ኦርኔላ።

«አውቃለሁ። ፓስፖርቴን ይስጡኝ።»

ሲኞራ ስለ ውለታ፣ ስለ ፔርሜሶ፣ ስለ ውለታ ቢስ ሰው ብዙ ተናገረች። ሁሉም እውነት ነበረው፤ ከዚህ ቤት ስትወጣ ወረቀቷ እንደሚበላሽ ያለምዘውድም ታውቃለች። ኢንጂኜሬው ጋዜጣውን አስቀመጠና ተነሳ። ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ፓስፖርቱን አወጣና ሰጣት። እጁ በላብ ርሶ ነበር። ሲኞራ የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

ተርሚኒ ስትደርስ ሳህሉ የኤሮፕላን ማረፊያው አውቶቡስ አጠገብ ቆሟል። መጀመሪያ ያየው ፊቷን ነው፣ ቀጥሎ ሻንጣዋን። ፊቱ ቦግ አለ፣ ወዲያው ደግሞ አመድ መሰለ።

«አይሆንም! ያለም፣ አንቺ እዚያ ከተመለስሽ...»

«ካንተ ጋር አይደለም የምሄደው። ወጣሁ።»

«ከሲኞራ ቤት?»

«ከሲኞራ ቤት።»

«የት ልታድሪ?»

«ወይዘሮ ትበርህ ጋ። አንዱ ተከራያቸው ክፍል ለቆ ሄደ አሉኝ።»

ሳቀ፤ እየሳቀ እንባው መጣ። አቀፈችው። መንገደኛው እየገፋቸው ሲያልፍ ቆሙ።

«አትጠብቂኝ» አላት በመጨረሻ።

«ይህን አንተ አታዝም።»

አውቶቡሱ ሄደ። ያለምዘውድ ከልማድ ቀና ብላ የጣቢያውን ሰዓት አየች፤ ለመመለስ ስንት ቀራት? ከዚያ ታወሳት። የሚጠብቃት ቃጭል የለም። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ እስኪበቃት አለቀሰች፤ ነይ የሚላት አልነበረም።

ወረቀቷን ለማቃናት ብዙ ተንከራተተች። ከቤት ቤት እየዞረች በሰዓት ሠራች፤ ማታ ማታ ግን የምትገባው በገዛ ቁልፏ ነበር። ከሳህሉ አልፎ አልፎ ደብዳቤ ይመጣል፤ ስለ ጎባ ዝናብ ብቻ ያወራል፣ እሷ ጋ ሳይደርስ የሚያነበው ብዙ ነውና። በየነሐሴው ኢንጂኜሬው ይደውልላትና ወደ ቦዩ ትወርዳለች፣ ማንም ምሳ ሳያዛት። ባልዲውን ለመገልበጥ የሚቸኩል ካለ «ፒያኖ! ቀስ!» ብላ ትቆጣለች። እሑድ እሑድ ስትጸልይ ከአባቷ ስም ቀጥላ የአቶ ተክሉን ስም ትጠራለች፤ ፊታቸውን አይታ የማታውቃቸውን የሳህሉን አባት።

በ1981 ዓ.ም. አንድ እሑድ ወይዘሮ ትበርህ የስልኩን እጀታ ይዘው ጠሯት።

«ያለም?»

ድምፁን ስትሰማ ተቀመጠች። «ከየት ነው የምትደውለው?»

«ዓሦቹ ከመጡበት አገር።»

ኬንያ! ወጥቷል ማለት ነው። ቀድሞ የመጣባት ግን ደስታ አልነበረም።

«አባትህስ?» አለች።

«አረፈ። አምና።»

«የት?»

«የት ማለት?»

«የት ሆነው ነው የሞቱት፣ ሳህሉ?»

ገባው።

«እቤቱ። አልጋው ላይ። ሁላችንም ከበነው ነበር።»

ያለምዘውድ የስልኩን እጀታ ደረቷ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። እጀታውን ወደ ጆሮዋ ስትመልሰው ሳህሉ አሁንም መስመሩ ላይ ነበር።

«ያለም፣ ሌላ ሰው ካለ ንገሪኝ» አለ። «ባንዴ ንገሪኝ፤ እችለዋለሁ።»

«ና» አለችው።