የቧንቧው ትንፋሽ

የመኪናው አሮጌ የአየር ማጣሪያ ሣጥን አንገት ከፊት ጎማው በላይ ባለው የፓራፋንጎ ቀዳዳ አልገባ አለ። ፊውዝ በመዳፏ ገፋችው፤ ከውስጥ አንድ ለስላሳ ነገር መልሶ ገፋት።

«የሆነ ነገር አለ እዚህ ውስጥ» አለች።

«አይጥ እንዳይሆን ብቻ» አለ ጢያራ፣ የእጅ ባትሪውን ከላይዋ እያበራ። «አይጥ ከሆነ እኔ እዚህ አልነበርኩም።»

«ዝቅ አድርገው። ፀጉሬን ነው የምታበራው።»

ክንዷን እስከ ክርኗ አስገባች። ጣቶቿ ያገኙት ጨርቅ ነበር። ስትስበው እየተጎተተ ወጣ፤ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ፣ ጫፉ ላይ የተቋጠረ የሰማያዊ ሸሚዝ ቁራጭ። አቧራ ጠጥቶ ደርቋል። ጥምዝምዙ ግን አልላላም። የጠመዘዘው እጅ ገና አሁን የለቀቀው ይመስል ነበር።

ጢያራ ባትሪውን ወደ ጨርቁ አስጠጋ።

«የሱ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

በመካኒክ አባቷ ጋራዥ አንድ ሕግ አለ፤ ከሞተር ላይ ዕቃ የፈታ ሰው ክፍት የቀረውን ቀዳዳ በጨርቅ ሳይደፍን እጁን አይታጠብም። ክፍት ቀዳዳ ብሎን ይውጣል፣ አቧራ ይሞላል፣ አይጥ ያሳድራል። ጋራዡ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ይደፍናል። ጨርቁን ጠምዝዞ ጫፉን የሚቋጥር ግን ወንድሟ ብቻ ነበር። «ጅራት ያለው ነገር አይረሳም» ይል ነበር።

ይሄኛውን ረስቶታል። የመኪናውን ማጣሪያ ሣጥን ፈትቶ በምትኩ የሚያብረቀርቅ የአየር መሳቢያ ቧንቧ በገጠመ ቀን፣ ቀዳዳውን እንደ ሕጉ ደፈነ፤ ቧንቧውን አስሮ ሲጨርስ ደስታው በልጦበት ጨርቁን ሳያወጣ ኮፈኑን ዘጋ። ቧንቧው ጫፉ ላይ ሾጣጣ ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው በዚያች ቀዳዳ በኩል ቀዝቃዛ አየር ከውጭ እንዲስብ ነበር የታሰበው። ቀዝቃዛ አየር እፍግ ያለ ነው፤ ሞተር ብዙ አየር ሲያገኝ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ጉልበት ይጨምራል ይባላል። ጨርቁ ግን መንገዱን ዘግቶ፣ ቧንቧው ከሞተሩ የሚነሳውን ትኩስ አየር መልሶ ሲጠጣ ኖሯል።

«እንግዲያው የትናንቱ ሙከራ አይቆጠርም» አለ ጢያራ። ድምፁ ላይ ተስፋ ነበረበት። «ቧንቧውን መልሺው። ያለ ጨርቁ እንሞክረው። ፍትሕ ነው፣ ፊውዝ። መኪናው ታፍኖ ነው የሮጠው።»

ፊውዝ ያላት ወንድሟ ነው። «ትንሽ ናት፣ ቶሎ ትቃጠላለች፣ ስትቃጠል ደግሞ ቤቱ በሙሉ ይጨልማል» ብሎ። ጢያራ የወንድሟ የልብ ጓደኛ ነው። ጢያራ የተባለው ፈጣን ስለሆነ ሳይሆን ሲያወራ ክንዶቹን እንደ አውሮፕላን ክንፍ ስለሚዘረጋ ነው። ወንድሟ ክረምቱ ሲገባ ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ሄደ፤ አልተመለሰም። መኪናው ግቢው ውስጥ ከቆርቆሮው ጣሪያ ስር፣ እሱ እንዳቆመው ቀረ።

የመለካቱን ነገር ያመጣችው ፊውዝ ራሷ ናት። የፊዚክስ አስተማሪያቸው «ሰዎች የሚሉትን አንድ ነገር ውሰዱና እውነት መሆኑን ለኩት» ሲል እጇ ሳታስበው ወጣ። «የአየር ቧንቧ የመኪና ጉልበት ይጨምራል ወይ» አለች። ወንድሟ ያንን ቧንቧ ከገጠመ ጀምሮ «ሃያ ፈረስ ጉልበት ጨምሯል» እያለ ሰፈሩን አሰልችቶ ነበር። ከተቀመጠች በኋላ ነው የደነገጠችው። ከክረምቱ ወዲህ የእሱ የሆነ ነገር በአፏ ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ቤት ውስጥ ስሙ አይነሳም።

ድምፁ ግን አለ።

ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ አባቷ ከጋራዡ ሲመለስ፣ ልብሱን ሳይቀይር፣ ባትሪው እንዳይሞት ብሎ የልጁን መኪና ያስነሳል። ሞተሩ ተነስቶ አባቷ የነዳጅ መርገጫውን ሲነካ ቧንቧው አየር ይስባል። ረጅም፣ ወደ ውስጥ የሚሄድ ድምፅ ነው። ከላይ ፎቅ እናቷ የምትሰፋበት መኪና በዚያች ቅጽበት ቀጥ ይላል፤ መስኮቱ ይከፈታል። ፊውዝ ደረጃው ሥር ካለችው ጠረጴዛዋ ሆና ሁለቱንም ትሰማለች፣ ከታች ትንፋሹን፣ ከላይ መስኮቱን። አንድ ሰው ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ሊናገር አየር የሳበ ይመስላታል። ትጠብቃለች። ሰውየው አይናገርም። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ራት ይቀርባል። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

የሚለኩበት ዳገት ከሰፈራቸው ጀርባ ነው። አባቷ ቁልፉን ለጢያራ ሲሰጠው «ዳገቱን ብቻ» ብሎታል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። ከድልድዩ በሁለተኛ ማርሽ ተነስተው ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣሉ፤ የውሃ ታንከሩ ጋ ሲደርሱ የፍጥነት መለኪያው መርፌ የት እንዳለ ፊውዝ ታያለች። በመለኪያው መስታወት ላይ ፕላስተር ለጥፋበታለች፣ ከሥሩ ያለውን የሚያሳየውን ዓይነት። መርፌው የደረሰበት ቦታ ላይ በብዕር መስመር ታሰምራለች። ከጎን ያየ ሰው መርፌውን ይሳሳታል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጭንቅላቷን የጢያራ ትከሻ ላይ አስደግፋ ከአንድ ቦታ ነው የምታየው። የትናንቱ መስመር፣ ጨርቁ ውስጥ እያለ የተሰመረው፣ ጥቁር ነበር።

«ወንበሩን ለምን ወደ ኋላ አታደርገውም?» አለችው። የጢያራ ጉልበቶች መሪውን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም።

«ይመቸኛል።»

አልተመቸውም። መስተዋቱንም አልነካውም። ሁለቱም ወንድሟ እንዳስተካከላቸው ናቸው፤ ጢያራ ከኋላ የሚመጣውን ለማየት አንገቱን ይሰብር ነበር። ፊውዝ ከጎን ስታየው መስተዋቱ የሚያሳየው ባዶውን የኋላ ወንበር ብቻ ነው።

ቧንቧውን መልሰው፣ ያለ ጨርቁ፣ ወጡ። መኪናው ዳገቱ ላይ ጮኸ። ትንፋሹ የተለመደው ነበር፣ ግን ረዘመ፤ ጉሮሮው እንደተከፈተ ሰው። ታንከሩ ጋ ፊውዝ ሰማያዊ መስመር አሰመረች። ከጥቁሩ በግልጽ ከፍ ይላል።

«አየሽ አይደል» አለ ጢያራ። ክንዶቹን ሊዘረጋ ብሎ መሪውን አስታወሰ። «አየሽው አይደል? ሃያ ፈረስ። ቢያንስ አሥራ ዘጠኙ እዚህ ናቸው።»

«ሣጥኑ ይቀራል።»

«ሣጥኑ ምን ያደርጋል? ሣጥን እኮ ሣጥን ነው።»

ተመልሰው ቧንቧውን ፈቱ። አሁን የአሮጌው ሣጥን አንገት ቀዳዳዋ ውስጥ ያለ ምንም ጥያቄ ገባ። ለሦስተኛ ጊዜ ከድልድዩ ተነሱ። መኪናው ዝም ብሎ ወጣ፤ ጎማዎቹ ድንጋይ ሲረግጡ እንኳ ይሰማ ነበር። ታንከሩ ጋ ፊውዝ ቀዩን ብዕር አነሳች። ቀዩ ሰማያዊው ላይ አረፈ። አንዱ ሌላውን ሸፈነው።

የብዕሩን ክዳን ገጠመች። ከዚያ ፊውዝ ያንን ሰማች፤ ወደ ውስጥ የሚሄድ ረጅም ትንፋሽ።

«ሰማሽ?» አለ ጢያራ፣ ሳያያት።

«ምኑን?»

«ተይው።»

ቧንቧው ቤት ነው፣ ጠረጴዛ ላይ። ፊውዝ ይህን ለራሷ ነገረች። ከዚያ የራሷ ደረት በአየር እንደተሞላ አስተዋለች። መቼ እንደሳበችው አታስታውስም። ቀስ ብላ ለቀቀችው።

ግቢ ገብተው ሞተሩን ሲያጠፉ ጢያራ ወዲያው አልወረደም።

«ሰማያዊውን ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለ። «የብዕር ወርድ ታህል። ማን ያያል?»

«እኔ።»

«አስተማሪሽ እንደሆነ መኪና የለውም። ምን ያውቃል?» ብዕሮቹን ኪሷ ከተተች። «እሱ ቢኖር ይከራከርሽ ነበር፣ ፊውዝ። የሚከራከርለት ስለሌለ ነው።»

«አንተ እየተከራከርክ አይደል?»

ጢያራ ፕላስተሩን አየው። «እኔ እኮ ከጎኑ እቀመጥ ነበር» አለ። «ይበር ነበር። እየበረርን ነበር።»

«ድምፁ ነው። ድምፁ ሲጎላ ፍጥነቱ የጨመረ ይመስላል።»

«ይመስላል» አለ ጢያራ። ቁልፉን በእጇ አስቀመጠ፣ ጉልበቶቹን ከመሪው ሥር አንድ በአንድ አወጣና ሄደ።

ቧንቧውን ልትመልስ ካቻቢቴውን ስትፈልግ የግቢው በር ተከፈተ። አባቷ ገባ፤ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው። ቁልፉን ከእጇ ወሰደ፣ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ፣ አስነሳ። ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ዘገየች።

ሞተሩ ተነሳ። ነዳጅ ነካ። ምንም የለም። ማንኛውም መኪና የሚያሰማው ድምፅ ብቻ። የአባቷ እጅ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ።

ከላይ ስፌት መኪናው አልቆመም። መስፋቱን ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ከዚያ ድንገት ቆመ። መስኮቱ አልተከፈተም። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። እናቷ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ደረቷ ላይ መርፌ እንደሰካች፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር መጥታ ቆመች። ከክረምቱ ወዲህ እዚህ ድረስ መጥታ አታውቅም።

«ምን ነካው?» አለች ባሏን።

«ቧንቧውን ፈትቼው ነው እማዬ» አለች ፊውዝ። «ለትምህርት ቤት። አሁን እመልሰዋለሁ፣ ጊዜ አይፈጅም።»

«መልሺላት» አለ አባቷ ከመኪናው ሳይወርድ። «እናትሽ ትሰማዋለች።»

«እኔ?» አለች እናቷ።

«መስኮቱን ትከፍቺ የለም?»

«እኔ መስኮቱን የምከፍተው አንተ ብቻህን እንዳትሰማው ብዬ ነው።»

አባቷ መሪውን አየ። «እኔ ደግሞ መስኮቱ ሲከፈት ጊዜ፣ ትጠብቀዋለች ብዬ» አለ። «ለባትሪው ሲባል መኪናው በየቀኑ መነሳት አያስፈልገውም እኮ። አልፎ አልፎ ይበቃዋል።»

ሞተሩ በመሃላቸው ይሠራ ነበር። እናቷ የሜትሩን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«ሁልጊዜ ደረጃውን ሮጦ የወጣ ይመስለኛል» አለች። «‹እማዬ› ሊል አየር የሳበ። እጠብቃለሁ። ከዚያ ሞተር ነው።»

ፊውዝ መዳፏን የሞቀው ኮፈን ላይ አሳረፈች። ያንን ሰው የምታውቀው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

አባቷ ሞተሩን አጠፋ። ጸጥታው ከጎረቤት ራዲዮ ጋር ተመልሶ መጣ።

«ለመሆኑ» አለች እናቷ፣ «ይጨምር ነበር? ያ ሃያ ፈረስ የሚለው?»

ፊውዝ አባቷን አየች፤ ዓይኑን ሰበረ። ቧንቧው ምንም እንደማይጨምር ያውቅ እንደነበር ያኔ ገባት። ሰማያዊውን የብዕር ወርድ ታህል ከፍ ማድረግ ለአስተማሪዋ ከባድ አልነበረም። ለእናቷ ደግሞ ከዚያም ይቀል ነበር፤ አንድ ቃል ይበቃል።

«አይጨምርም» አለች። «ያው ነው፣ ከሣጥኑ ጋር እኩል። የሱማ ጭራሽ ያንሳል፤ ይሄ ቀዳዳው ውስጥ ስለቀረ።» ጨርቁን ከኪሷ አወጣች።

እናቷ ተቀበለቻት። ጥምዝምዙን አልፈታችውም፤ በአውራ ጣቷ ብቻ ዳበሰችው። «የስምንተኛ ክፍል ሸሚዙ ነው» አለች። «ኮሌታው ሲያልቅ ገልብጬ ሰፍቼዋለሁ።»

«ረሳው?» አለ አባቷ፣ ከመኪናው እየወጣ። «ጅራት ያለውን?» ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ፤ የተሰበረው ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ፊውዝ አልለየችም። «አጠገቡ ቆሜ ነበር እኮ። ቀዳዳዋን ሲደፍን አየሁት። ኮራሁ። ማውጣቱን ሳላይ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።»

«ብታየውስ?» አለች እናቷ። «ሃያ አምስት ፈረስ ነበር የሚለን።»

አባቷ በክንዱ ፊቱን ጠረገ፤ ግንባሩ ላይ ጥቁር ግራሶ ቀረ። ከዚያ ወደ ፊውዝ ዞረ፣ ጋራዡ ውስጥ ከሠራተኞቹ ጋር በሚነጋገርበት ድምፅ።

«የፈታሽው አንቺ ነሽ። ሥራው ያንቺ ነው። የትኛው ይሁን?»

ቧንቧው ደረጃው ሥር ባለችው ጠረጴዛዋ ላይ ተኝቷል። ሾጣጣው ማጣሪያ ለብቻው ወልቋል፤ የቧንቧው አፍ ወደ እነሱ ተከፍቷል፣ ጨለማ። ሁለቱም እየጠበቋት ነበር። ሁለቱም የትኛውንም ብትል እሺ እንደሚሉ ታውቃለች፤ የከበዳትም ይሄው ነው።

ኮፈኑን ከፈተች፣ የሣጥኑን ክዳን ተጫነች፣ ማያዣዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፣ ኮፈኑን መልሳ ዘጋች። ከዚያ ጨርቁን ከእናቷ እጅ ወሰደች። ሳትፈታው፣ እሱ እንደጠመዘዘው፣ የቧንቧው አፍ ውስጥ ከተተችው፤ ቋጠሮዋን ውጭ ተወቻት፣ እንድትታይ። ቧንቧውን ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀለችው።

እናቷ ወደ ደረጃው አልተመለሰችም። የመኪናውን በር ከፍታ፣ ትንሽ አመንትታ፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። አባቷ የሹፌሩን ወንበር ማስተካከያ ይዞ ቆየ፤ ከዚያ ለራሱ ቁመት ሳበው።

ፊውዝ እጇን ልትታጠብ ሄደች።