ከቆጣሪው ሣጥን ሥር

ኤሌክትሪሺያኑ ይታየው የተገኘው በእስራኤል፣ በሀደራ ከተማ ነቬ ሐይም ሰፈር፣ በአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከቆጣሪው ሣጥን ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ቀኝ እጁ የተላጠ ሽቦ ጨብጧል። ከማጅራቱ የፈሰሰው ደም እስከ በሩ ሄዶ ረግቷል፤ ግድግዳው ላይም ተረጭቷል። መጀመሪያ ያየው ጎረቤት ኤሌክትሪሺያኑን በዕብራይስጥ ስም እየጠራ «ሐሽማላዩን መብራት ገደለው!» እያለ ደረጃውን በሩጫ ወጣ።

መርማሪ ደጅቱ ከሀደራ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ዝናብ ይጥል ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ2005 ክረምት ነው። በልጅነቷ ከጎንደር የመጣች፣ ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቆየች። ከዚያ ቀና አለች። ዋናው ማብሪያ ወደ ታች ወርዶ በትንሽ ቀይ ቁልፍ ተቆልፏል። የቁልፉ መክፈቻ ከሟቹ ኪስ ተገኘ።

«መብራት የገደለው ሰው ግድግዳ ላይ ደም አይረጭም» አለች።

ከሰዓት በኋላ ከቆሻሻ ገንዳው መዶሻ ወጣ። ብረቱ ላይ ፀጉር ተጣብቋል፤ እጀታው ላይ «ብንያም» የሚል ስም ተቀርጿል። ብንያም የሟቹ ሚስት ወንድምና የሥራ ባልደረባው ነው። አለቃዋ ወዲያው አሳሰረውና «ነገ ለዳኛ እናቀርበዋለን» አላት።

ደጅቱ እስረኛውን ለብቻው አነጋገረችው።

«መዶሻው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ግን የሁለታችንም ዕቃ አንድ ሣጥን ውስጥ ነው።»

«ተጣልታችኋል አሉ።»

«ሥራውን አብረን ነው የጀመርነው። እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ደንበኛ ያመጣል። እኔ ሰው ፊት ስቆም አፌ ይታሰራል። የነዋሪዎቹ ኮሚቴዋ ሮኒት የስድስት ሕንፃ ቋሚ ጥገና ስትሰጠን ውሉን በራሱ ስም ብቻ ፈረመ። ‹አንተ ቀን ሠራተኛዬ ትሆናለህ› አለኝ።»

«መታኸው?»

«በጥፊ። ሰው እያየ። አልገደልኩትም! የእህቴ ባል እኮ ነው።»

«ሌላ ሰው ካላገኘሁ ዕድሜህን ሙሉ ታስረህ ትቀራለህ፤ ይገባሃል?»

ብንያም «አልገደልኩትም» ብሎ ደገመ።

አቭነር በመሀል ሀደራ ሱቅ ያለው፣ ያንኑ የጥገና ሥራ በይታየው የተነጠቀ ኤሌክትሪሺያን ነው። ደጅቱ ሱቁ ገብታ ገና ሳትቀመጥ ጀመረ።

«እኔን ከጠረጠርሽ እሰሪኝ! ጠላሁት፣ አልክድም። እኔ በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣለሁ። እሱ ምን ያደርግ ነበር መሰለሽ? በጠገነው ሣጥን ሁሉ ላይ ስልክ ቁጥሩን ይለጥፋል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ተመልሶ በር ያንኳኳል። ‹እንዴት ነው፣ መብራቱ ደህና ነው?› ይላል። በነፃ! አሮጊቶቹ ልጃቸው የመጣ ይመስላቸዋል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ብዬ ልወዳደር?»

«የቆጣሪውን ክፍል ታውቀዋለህ?»

«ሣጥኑን የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሮኒት ደግሞ ሕንፃው ውስጥ ትኖራለች። «ይታየው ስደውልለት ያነሳል፤ ለሥራው የመረጥኩት ለዚህ ነው» አለች። «ያን ቀን አባ ገሠሠ ላነጋግርሽ ብለው ደውለውልኝ ነበር። ለልጃቸው ሊለምኑ። ‹ይታየው ምድር ቤት ነው፣ እሱን ያነጋግሩ› አልኳቸው።»

አባ ገሠሠ የብንያም አባት ናቸው፤ የሟቹ አማት። ደጅቱ ናሕሊኤል ሰፈር ወደሚገኘው የልቅሶ ቤት ስትሄድ ሽማግሌው ከሐዘንተኛው ተለይተው ከበር ውጭ ተቀምጠዋል። ምግባቸው በሚጣል ሳህን፣ ለብቻው ቀርቦላቸዋል። እጇን ስትዘረጋላቸው የራሳቸውን እጅ በነጠላቸው ውስጥ ሰበሰቡ።

«ጉንፋን ይዞኛል፣ ልጄ።»

«ይማርዎ። ይታየውን አነጋገሩት?»

«ልሄድ አልኩና ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ከቤቴ አልወጣሁም። ልጄን መቼ ትለቁልኛላችሁ? ንጹሕ ነው።»

ደጅቱ ገብታ ከሟቹ ሚስት ከአስመረች ጎን ተቀመጠች።

«አባትሽ ከመቼ ጀምሮ ነው ሰው የማያስጠጉት?»

«ይታየው ሳይመጣ ያደረ ጊዜ፣ ጠዋት ሮጬ አባዬ ቤት ሄድኩ። ጉልበቱን ልስም ስል ‹ራቂኝ! አትንኪኝ!› ብሎ ጮኸብኝ። ምን አጥፍቼ ነው ብዬ አለቀስኩ።»

«ሬሳው ተገኝቶ ነበር?»

«ኧረ ገና! ሞተ የሚል ወሬም አልነበረ።»

በማግሥቱ ጠዋት ደጅቱ ሁሉንም ከቆጣሪው ክፍል በር ሰበሰበቻቸው። ብንያም እጁ በሰንሰለት ታስሮ መጣ። ወለሉ ታጥቧል፤ የግድግዳው ደም ግን ቡናማ ሆኖ ይታያል።

«ገዳዩ ይታየውን ከኋላ መታው» አለች፤ «ከወደቀም በኋላ ደጋግሞ መታው። ከዚያ መብራት የገደለው እንዲመስል ሽቦ አስጨበጠው። ግን ማብሪያውን እዩት። ይታየው ሥራ ሲጀምር አጥፍቶ ቆልፎታል፤ ሽቦው ኃይል አልነበረውም። አቭነር፣ አንተ ብትሆን ይህን ሽቦ ታስጨብጠው ነበር?»

«የሞተ መስመር? ማ ፒቶም፣ በፍጹም! የአንድ ሳምንት ተለማማጅም አይሳሳተውም።»

«ብንያምም አይሳሳተውም። ስለዚህ ገዳዩ መብራት የማያውቅ ሰው ነው። ሮኒትም አታውቅም። ነገር ግን ሽቦውን ለማስጨበጥ የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ መክፈት ያስፈልጋል። ሬሳ መንካት ያስፈልጋል።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«እኛ ቤተ እስራኤሎች ዘንድ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ይረክሳል፤ ከሰው ይለያል፣ ለብቻው ይበላል። ብዙዎቻችን እዚህ ከመጣን ወዲህ ትተነዋል። እርስዎ አልተዉም። አባ ገሠሠ፣ ይታየው መሞቱን ማንም ሳያውቅ በፊት ልጅዎን ‹አትንኪኝ› ያሏት ማንን ነክተው ነው?»

«ጉንፋን…»

«ጉንፋን የያዘው ሰው ልጁ ጉልበቱን ብትስመው አይፈራም።»

አስመረች «አባዬ?» አለች።

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ።

«ለመንኩት። ‹የልጄን ስም ከስምህ ጋር አስገባው› አልኩት። ሥራውን ሳያቆም፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ‹ልጅህ እጅ እንጂ አፍ የለውም፤ አፍ የሌለው እንጀራ አያመጣም› ብሎ ሳቀ። መዶሻው እግሬ ሥር ነበር። የማን እንደሆነ አላየሁም። ማንበብም አልችል። ስመታው ዞሮ ‹አባ!› አለኝ። ያኔ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።»

አስመረች ጮኻ ወደቀች፤ አቭነር ደገፋት። ደጅቱ የብንያምን ሰንሰለት ፈታች። ፖሊሱ ያንኑ ሰንሰለት በአባቱ እጅ ላይ አጠለቀው።

አባ ገሠሠ ሲወሰዱ ከሮኒት ፊት ቆሙና በተሰባበረ ዕብራይስጥ ጠየቁ፤

«ሥራው… ለብንያም ይሆናል?»

ሮኒት ወደ ብንያም አየች። ብንያም የተላላጠ የእጅ አንጓውን እያሸ ግድግዳው ላይ ያለውን ደም ይመለከት ነበር። ሰው ፊት አፉ የሚታሰረው ልጅ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ለአቭነር ስጡት!»

ከዚያ እህቱን ከወለሉ አንሥቶ፣ አባቱን ሳያይ፣ ወደ ዝናቡ ይዟት ወጣ።